አፉታ ፍለጋ እስከ አሌክሳንድሪያ

እኛ ወሎዎች ሐጅ ለመሄድ ስንነሳ ከሻንጣው በፊት የምናሰናዳው ነገር አለ። ቤት ለቤት እየዞርን «አፉ በሉኝ» እንላለን። ያስቀየምነው፣ ያማነው፣ የዋሸነው ሰው «አፉ ብያለሁ» ካላለን ልባችን አያርፍም። የሰው ሐቅ ተሸክሞ ካዕባን መዞር ምን ይረባል? እኔም ዘንድሮ የሐጅ ነገር ሲሳካልኝ ደሴን ከቧንቧ ውሃ እስከ ሸዋ በር አዳረስኳት። ሃያ ዓመት የተኳረፍኩትን የሱቅ ጎረቤቴን ሳይቀር አንገቱን አቅፌ ሳምኩት። ቸኩያለሁ እያልኩ በር ላይ ቆሜ እጠይቃለሁ፤ አፉ ይሉኛል፤ ወደሚቀጥለው በር አልፋለሁ። አንድ ሰው ብቻ ቀረ። እሱ ደሴ የለም፤ ሙስሊም አይደለም፤ አበሻም አይደለም። ሆላንድ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የገባ፣ ዕድሜውን በሙሉ መርከብ ላይ የጨረሰ ዊለም የሚባል ሰው ነው።

በደሌን ልንገራችሁና መንገዱን እንጀምር። የዛሬ ሠላሳ ሰባት ዓመት ምፅዋ ላይ የባሕር ኃይል ምልምል ነበርኩ። ዊለም ከአሜሪካኖቹ አሰልጣኞች አንዱ ነው፤ እኛ «ባሻ» እንለው ነበር። አንድ የማያወላዳ ሕግ ነበረው፤ በዚያ ሙቀት የጀልባ መሪ የሚይዝ ሰው በየሰዓቱ አንድ ኩባያ ውሃ ይጠጣል። ጊዜው ረመዳን ነው፤ እኔ ጾመኛ ነኝ። መሪ መያዝ ደግሞ ነፍሴ ነበር። እምቢ ካልኩ መሪውን ይቀማኛል ብዬ ውሃውን ወደ ባሕር ደፋሁና «ጠጥቻለሁ» አልኩት። ወደብ ልንገባ ስንል ፀሐይዋ አናቴን መታችኝና ራሴን ሳትኩ። ጀልባዋ ከግንቡ ተላተመች። ገመድ ይዞ ጫፍ ላይ የቆመው ባሻ የግራ እጁን ሁለት ጣቶች እዚያው አጣ። መርማሪዎች ሲጠይቁ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መሪውን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለ። እኔ ዝም አልኩ። እሱ ወደ አገሩ ተላከ። እኔ ሞተር ክፍል ተመደብኩ፤ ባሕር ላይ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ዳግመኛ መሪ አልነካሁም።

ዝምታው ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። ቤት ገብቼ ግን ታሪኩን ገለበጥኩት። ለሚስቴ፣ ለልጄ፣ ኋላም በስልክ ለልጅ ልጄ፣ «ፈረንጁ ግራና ቀኙን ስቶ አጋጨን» እያልኩ ሳስቃቸው ኖርኩ። የባሻ ሞኝነት የቤታችን ቀልድ ሆነ። ልጄ ዘይነባ የምትኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከዋሽንግተን አጠገብ ነው። እዚያው የተወለደችው ልጇ ሀያት ዘንድሮ በኮምፒውተር ስትፈላልግ ባሻ ዊለምን አገኘችው። ከእነሱ ቤት አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ አሌክሳንድሪያ የምትባል ከተማ ተቀምጧል! ሐጁም መጣ፣ ሰውየውም ተገኘ። ሰበብ አልቆብኝ ቪዛዬን አወጣሁ።

ማክሰኞና ረቡዕ

ከደሴ በአውቶቡስ ገና ሳይነጋ ተነሳሁ። ሸዋ ሮቢት ላይ ጠዋቱኑ ሙቀቱ ተቀበለን፤ ጣርማ በር ስንደርስ ደግሞ ጉሙ ውስጥ ገብተን ሾፌሩ መብራት አብርቶ ነዳ። ከጎኔ የተቀመጡ እናት የት እንደምሄድ ጠየቁኝ። «አሜሪካ፣ አፉ በሉኝ ልል» ብላቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ምን ቢያደርጉት ነው?» አሉ። እኔም ስቄ አለፍኩት። አዲስ አበባ እህቴ ዘንድ አድሬ በማግስቱ አመሻሽ አውሮፕላን ላይ ወጣሁ።

ሰው አውሮፕላን ይፈራል። እኔ መርከብ ሆድ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ምን ያስፈራኛል? የሚያናድደው ቁጭ ብሎ ምንም አለመሥራት ነው። ሮም ላይ ነዳጅ ሲቀዳ ወርጄ ሞተሩን ልይ ብዬ ብጠይቅ አስተናጋጇ በትሕትና ወደ ወንበሬ መለሰችኝ።

ሐሙስ

ኤርፖርት ስደርስ የመጀመሪያው አደጋ ደረሰብኝ። ለባሻ ብዬ ያመጣሁትን ሦስት ኪሎ ቋንጣ ፈታሹ አወጣው። ሥጋ አይገባም አለኝ። አሸትተው፣ ቅመስ፣ ንጹሕ ነው ብዬ ለመንኩት። ሰውየው ጓንት በለበሰ እጁ ወረወረው። ዓይኔ እያየ! እንግዲህ የሰው ጣት አስቆርጦ ባዶ እጁን የሚመጣ እንግዳ ሆንኩ።

ዘይነባ የምትሠራው ሆስፒታል ነው፤ ለእኔ ብላ ፈቃድ ወስዳ ከሀያት ጋር መጥታ ተቀበለችኝ። ቤታቸው ስምንተኛ ፎቅ ላይ ነው። ኮሪደሩ ረጅም ነው፤ ግራና ቀኝ በር ብቻ። ጎረቤቶቹ እነማን እንደሆኑ ብጠይቃት አታውቅም። ሰባት ዓመት ኖራ! እኛ አገር እንግዳ ሲመጣ ጎረቤት ሰምቶ ይመጣል፤ ካልመጣ እንግዳው ሄዶ ሰላም ይላል። ስለዚህ ዘይነባ ምሳ ስታቀርብ እኔ ወጥቼ በር ማንኳኳት ጀመርኩ። አራተኛው በር ላይ ደረሰችብኝ።

«አባ፣ ኧረ በአላህ ይግቡልኝ! እዚህ አገር ዝም ብሎ በር አይንኳኳም፤ ፖሊስ ኮል ያደርጉብናል!»

በዚያች ቅጽበት በሩ ተከፈተ። አንዲት የኤል ሳልቫዶር ሴት ናት። በእንግሊዝኛዬ የዘይነባ አባት መሆኔን ነገርኳት። እጄን ይዛ አስገባችኝ፤ በበቆሎ ቅጠል የተጠቀለለ ትኩስ ነገር ሰጠችኝ። የአሳማ ሥጋ ይሆን ብዬ ሳመነታ ገብቷት «ዶሮ፣ ዶሮ» እያለች እጆቿን እንደ ክንፍ አራገበችልኝ። ዶሮዋ እንደእኛው አልታረደችምና አመስግኜ ተውኩት፤ በምትኩ ባዶ የበቆሎ ቂጣ ፈልጋ አመጣችልኝ። ያን ቀን ዘይነባ የጎረቤቷን ስም አወቀች።

ዓርብ

ከጁምዓ መልስ ሀያት መኪና ውስጥ ፊቷ እያበራ፣ «አባባ፣ ሰርፕራይዝ አለኝ» አለችኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ኮሌጅ ናት፤ አማርኛዋ ግማሽ መንገድ ላይ ወደ እንግሊዝኛ ይታጠፋል።

«ምንድን ነው የኔ እናት?»

«ለክላስ ፔፐር ጽፌ ነበር፤ ስለ አንተ እና ስለ ሚስተር ዊለም። ያ ፈኒ ስቶሪ፣ ግራና ቀኙን የሳተው! ኤ ነው ያገኘሁት። ላስት ዊክ ለእሱም ሜይል አደረግኩለት። እንደ ጊፍት!»

ወይ ጉድ! አፌን ያዝኩ። ሠላሳ ሰባት ዓመት ደሴ ጓዳ ውስጥ የዋሸሁት ውሸት በፖስታ ተልኮ እጁ ገብቷል። «ደስ አላለህም?» አለችኝ። ደክሞኝ ነው አልኳት። ያን ቀን እውነቱን ልነግራት ይገባ ነበር። ግን የልጅቷ ፊት እንዲያ ሲያበራ ማጨለም አቃተኝ። ፈራሁም፤ መደበቅ ምን ያደርጋል።

ቅዳሜ

ሀያት እየነዳች ወሰደችኝ። መንገዱ ዙሪያ ጥምጥም ነው፤ በአንድ በኩል ስድስት መኪና ጎን ለጎን ይሮጣል። የደሴ ሾፌር ቢሆን ኖሮ ጥሩምባው ያደነቁር ነበር፤ እነዚህ ግን ተናደውም ዝም ይላሉ። አንድ ትልቅ ድልድይ ላይ ወንዙን ተሻገርንና አሌክሳንድሪያ ገባን። ጠባብ ጎዳና፣ ተያይዘው የተሠሩ የጡብ ቤቶች። የባሻን ቤት ሀያት ቁጥሩን ሳትፈልግ እኔ አወቅኩት፤ ከመንደሩ ሁሉ መጋረጃ የሌለው ቤት እሱ ነው። ከውጭ ሆናችሁ ወንበሩን፣ መጽሐፉን፣ እሱን ራሱን ታዩታላችሁ። ሆላንዶች እንዲህ ናቸው፤ ምፅዋም የነበረው ክፍሉ እንደዚያው ነበር።

በሩን ከፈተ። ሸምግሏል፤ ቁመቱ ግን አልጎበጠም። የግራ እጁን አየሁት፣ ሳላየው ማለፍ አልቻልኩም። «መሐመድ ይማም» አለ ሙሉ ስሜን። «አረጀህ!» «እርስዎስ ባሻ?» አልኩት። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም፤ እኔ ግን በሆዴ አንቱ እያልኩ ነው የማወራው፤ እዚህም እንደዚያው ልጻፈው።

ቡና አቀረበ። የብስኩት ቆርቆሮውን ከፈተ፤ ለሀያት አንድ፣ ለእኔ አንድ፣ ለራሱ አንድ ሰጠና ክዳኑን ጠቅ አድርጎ ዘጋው። ክዳኑን ዘጋው! እኛ አገር ለእንግዳ ሞልቶ ካልፈሰሰ ቀረበ አይባልም፤ ብላ፣ ጨምር፣ በሞቴ ካልተባለ ሰውየው ቂም ይዟል ማለት ነው። ጨርሶ አልወደደኝም አልኩ በልቤ። ፔፐሩን አንብቦታል፣ አበቃ።

ሀያት ግን ደስ ብሏት ታሪኩን ትጠይቀዋለች። እኔም ያኔ አለቃዬ ስለነበር ጠይቄው የማላውቀውን ሁሉ ሰማሁ። የተወለደበት መንደር ከባሕሩ በታች ነው። ደሴ ተራራ ላይ ለሚኖር ሰው ይህን ማስረዳት ከባድ ነው፤ ባሕሩ ከላይ፣ ሰው ከታች፣ መሃል የአፈር ግድግዳ። አሥራ ስድስት ዓመቱ ሳለ አንድ ክረምት ግድግዳው ተደረመሰ። ጣሪያ ላይ ሁለት ቀን ተቀምጠው የጎረቤት ላም ስትሰምጥ አዩ። እናቱ «ከእንግዲህ ባሕር የሚባል ነገር አላይም» ብላ ይዛው ወደ አሜሪካ ተሳፈረች፤ ባሕር በሌለበት መሃል አገር፣ ሽንኩርት የሚያመርት አጎቱ ዘንድ ገቡ። ባሻ ዓመት ሙሉ ሽንኩርት ነቀለ። አሥራ ስምንት ሲሞላው ግን ያቺን ሃያ ቃል የማትሞላ እንግሊዝኛውን ይዞ ባሕር ኃይል ተመዘገበ።

«ባሕር ቤታችሁን ወስዶ የለ እንዴ?» አለችው ሀያት።

«እፈራው ነበር» አላት። «የምፈራውን ነገር ጀርባዬን ሰጥቼው መተኛት አልችልም።»

እናቱ ሁለት ዓመት አላነጋገረችውም። እሱ ዝገት ፋቀ፣ ቀለም ቀባ፣ ገመድ ቋጠረ፤ እንግሊዝኛ የተማረው ከመርከቡ ወጥ ቤት ነው። ለአሜሪካዊ ዜግነቱ የማለው የመርከበኛ ልብሱን እንደለበሰ ነበር። ሠላሳ ዓመት አገለገለ። ማርታ የምትባል የአሌክሳንድሪያ አስተማሪ አገባ፤ ልጅ አልወለዱም፤ እሷ ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነው። «መርከብ ላይ የምመኘውን ሁሉ አገኘሁ» አለ። «አንዲት የመጨረሻ ማዕረግ ብቻ አልመጣችም። ከምፅዋ በኋላ ስሜን ዘለሉት።» ይህን ያለው ያለ ቅሬታ ነው፤ ዝናብ ዘነበ እንደሚል ሰው። ሀያት ወደ እኔ ዞራ ፈገግ አለች፤ የምታውቀው ቀልድ መስሏታል። እኔ ሽንት ቤት የት ነው ብዬ ተነሳሁ።

በግራ እግሬ ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ። ፊት ለፊቴ ግድግዳው ላይ ካሌንደር ተሰቅሏል። በእጅ የተጻፉ ስሞች ሞልተውበታል። ከነገው ቀን ትይዩ በላቲን ፊደል «መሐመድ ይማም» ይላል። ስሜ! ሽንት ቤት ውስጥ! እኔስ እሺ፤ የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ስም! ደሜ ፈላ። እሺ፣ ጣትህን አስቆርጫለሁ፣ ታሪክህን ገልብጫለሁ፤ ግን እንዲህ ያለ ብቀላ ይኖራል? ሳላስበው ካሌንደሩን ከምስማሩ አወረድኩት፤ ኮቴ ውስጥ አስገባሁት፤ ሰውነቴን ቀጥ አድርጌ ወጣሁ። «ሀያት፣ እንሂድ» አልኩ። አፉታ የሚባለውን ቃል አላነሳሁትም። ባሻ ግራ ተጋብቶ እስከ በር ሸኘን። የስልሳ ዓመት ሽማግሌ ከሰው ሽንት ቤት ሰርቄ ወጣሁ።

እሑድ

ረፋድ ላይ ስልክ ጮኸ። ሀያት አነሳችና ስቃ ሰጠችኝ፤ ባሻ ነው።

«መልካም ልደት መሐመድ!» አለኝ።

እኔ የተወለድኩበትን ቀን የሚያውቅ ሰው የለም። ባሕር ኃይል ስመዘገብ ቀን ካላመጣህ ብለው ሲያፋጥጡኝ በዚያን ዕለት ተወለድኩ ብዬ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ረስቼዋለሁ። እሱ አልረሳም። «ትላንት ልነግርህ አስቤ ነበር፤ ቸኮልክ» አለኝና ድምፁ ዝቅ አለ። «ይቅርታ፣ ሽንት ቤት የነበረውን ካሌንደር አይተሃል? የማርታ የእጅ ጽሑፍ ነው። ቤቱን ሁሉ ፈለግኩት።»

አላየሁም ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አላህ ይይልህ ሰይጣን! ስልኩን ለሀያት ሰጠኋት። ሀያት ጠይቃው ጠይቃው ሲጨርሱ ነገረችኝ፤ የሆላንዶች ባሕል ነው። የሚወዱትን ሰው ልደት ሁሉ ጽፈው ሽንት ቤት ይሰቅላሉ፤ ሰው በየቀኑ ሳይገባ የማይውልበት ቦታ እሱ ስለሆነ ማንንም እንዳይረሱ ነው። እኔ እንደ ስድብ ያየሁት ያን ነው።

መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ካሌንደሩን ከሻንጣዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ሀያት ካሌንደሩን አየች፣ እኔን አየች። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ውሃውን፣ ራሴን መሳቴን፣ ዝምታዬን፣ ግራና ቀኝ የሚባለው ታሪክ የእኔ ፈጠራ መሆኑን።

«ሶ... ዩ ላይድ» አለችኝ። ዋሽተኸናል ማለቷ ነው። «እኔ ደግሞ ለራሱ ላክሁለት።»

«አዎ፣ ዋሸሁ። አንቺንም አዋረድኩሽ።»

ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋችው። ኋላ ላይ ክፍሏ በር ላይ ቆማ፣ «ነገ ክላስ አለኝ፤ አላደርስህም። ብቻህን ሂድና ለእሱ ራስህ ንገረው። አምስት ሰዓት ላይ መጥቼ ፒክ አደርግሃለሁ» አለች። በእነሱ ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ አሥራ አንድ ሰዓት ማለቷ።

ሰኞ

ባቡር ያዝኩ። ዘይነባ ወረቀት ላይ ጽፋልኛለች፤ እኔ ግን ኮከብ እያየሁ የመጓዝ ትምህርት የወሰድኩ ሰው ወረቀት አላይም ብዬ ኪሴ ከተትኩት። መውረጃዬን አልፌ የመስመሩ መጨረሻ ላይ ተገኘሁ። ካሌንደሩን በፎጣ ጠቅልዬ ታቅፌ ስንከራተት አንድ ታክሲ ነጂ በአማርኛ «አባት፣ ጠፍተው ነው?» አለኝ። የኮምቦልቻ ልጅ፣ ስካይላይን የሚባል ሰፈር የሚኖር። ጠፍቻለሁ አልኩት፤ ያን ቀን መዋሸት አልፈለግኩም። ለምን እንደምሄድ ስነግረው የታክሲውን ሒሳብ ቆጣሪ አጠፋና «ለአፉታማ እኔ ነኝ የማደርስዎ፤ ዱዓ ያድርጉልኝ» አለ። በሩ ላይ አውርዶኝ ሄደ።

ባሻ ካሌንደሩን ተቀብሎ ገጽ በገጽ አገላበጠው፤ ምንም አልተቀደደም። ለምን እንደወሰድኩት ነገርኩት። አልሳቀም፤ «እኔም ብሆን እናደድ ነበር» አለ። ከዚያ ቁጭ አልኩና ዋናውን ጀመርኩ።

«ባሻ፣ ያን ቀን ውሃውን አልጠጣሁም።»

«አውቃለሁ። ስትደፋው አይቼሃለሁ።»

ደነገጥኩ። «ታዲያ መሪውን ለምን አልነጠቁኝም?»

«ከስድስቱ ምልምሎቼ እንዳንተ መሪ የሚይዝ አልነበረም። ጾመህም ታደርሰናለህ አልኩ። የጀልባው ኃላፊ እኔ ነበርኩ፤ ስለዚህ ይቅር የምለው ነገር የለም።»

«የለም፣ እንዲህማ አይሆንም! አፉ ማለት አለብዎ። ምንም አይደለም ማለት አፉታ አይደለም።»

«አልልም። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ እጄን አንስቼ ምያለሁ። አሁን አንተን ይቅር ካልኩ ያን ቀን በሐሰት ምያለሁ ማለት ነው።»

«ከደሴ ድረስ መጥቼ!»

«ከጨረቃም ብትመጣ!»

ሁለት ሽማግሌ ተፋጠጥን። ጮህን ስላችሁ ጮህን፤ መጋረጃ የለምና መንገደኛው ሁሉ ያየናል። በመጨረሻ ባሻ ተነስቶ መሳቢያ ከፈተና የሀያትን ፔፐር አወጣ።

«በዚህ ግን ተናድጃለሁ» አለ። «እኔ ግራና ቀኜን የማላውቅ? ሳምንት ሙሉ ተናደድኩ። ደግሞ ሠላሳ ሰባት ዓመት አንድ ደብዳቤ አልጻፍክም። ለእነዚህ ይቅር ልልህ እችላለሁ። ቃሉ እንዴት ነው የሚባለው?»

አስተማርኩት። «አፉ ብዬሃለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ለካሌንደሩም ለብቻው፣ አፉ ብዬሃለሁ።» እኔ አለቀስኩ። አላፈርኩም፤ ሸክሜ ወረደልኝ።

ሀያት በሰዓቷ መጣች። ባሻን ይቅርታ ጠየቀችው፤ ፔፐሩን እንደገና እንደምትጽፈው ነገረችው። እኔም ልቤ ሞልቶ፣ ነገሩ አለቀ ብዬ፣ እንዲሁ ጨዋታ ለመጀመር ያህል፣ «ባሻ፣ ከምፅዋ ልጆች የእኔን ልደት ብቻ ለምን ጻፉ?» አልኩት።

«እሷ ትስማ?» አለ ወደ ሀያት እያየ። ትስማ አልኩ።

«ሆስፒታል ተኝቼ ስለ አንተ አንድ ወረቀት ጻፍኩ» አለ። «ዳግመኛ መሪ እንዳይሰጠው፣ ሞተር ክፍል ይመደብ አልኩ። እጄን ያመኝ ነበር፤ ተናድጄ ነበር። ለመርማሪዎቹ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ፤ በዚያ ወረቀት ግን አንተን ቀጣሁህ። ቆይቶ ጸጸተኝ። ማርታን ልደቱን ጻፊልኝ አልኳት፤ በየዓመቱ ቀኑ ሲደርስ ደብዳቤ እጽፍለታለሁ እላለሁ፣ አልጽፍም።» ቀና ብሎ አየኝ። «መሐመድ፣ አንተም አፉ በለኝ።»

ምን ልበላችሁ። ሃያ ሁለት ዓመት! ከባሕሩ በታች፣ ዘይትና ጩኸት ውስጥ። አንድ ጆሮዬ የደነቆረው እዚያ ነው። ስንት ወደብ ደርሰን የመርከቡን ግድግዳ ብቻ አይቼ ተመልሻለሁ። ለውሸቴ አላህ ቀጣኝ ብዬ ተቀብዬው ነበር፤ ለካ የሰው እጅ ነው። ደሴ ላይ በር ላይ ቆሜ ያስቸኮልኳቸው ሰዎች ፊት አንድ በአንድ መጣብኝ። ምን እንዳስዋጥኳቸው ያን ቀን ገባኝ።

«ዛሬ አልችልም ባሻ» አልኩት። «በአፌ ብቻ ብል መዋሸት ይሆናል።»

«እሺ» አለ። በሩን ከፈተልን።

ሐሙስ

ማክሰኞ ተናድጄ ዋልኩ። ረቡዕ እንደገና ተናደድኩ፤ ዘይነባ ምግብ ስታቀርብልኝ እሷንም ተቆጣሁ። ሀያት አጠገቤ ተቀምጣ የሞተር ክፍሉን ንገረኝ አለችኝ። ሙቀቱን፣ ጩኸቱን፣ አብረውኝ የነበሩትን ልጆች፣ ሁሉንም ነገርኳት። በሕይወቴ ሙሉ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ሳወራላት አመሸሁ፤ ስጨርስ ቁጣው ከእኔ ጋር አልነበረም።

ዓርብ በረራዬ ነው። ሐሙስ ጠዋት ወረቀቱን እያነበብኩ በባቡር ሄድኩ፤ መውረጃዬ ላይ ወረድኩ። ባሻ በመስኮቱ መምጣቴን አይቶ ሳላንኳኳ ከፈተ። ደፉን ሳልሻገር፣ በር ላይ ቆሜ፣ ሳልቸኩል፣ «አፉ ብዬዎታለሁ ባሻ። ከልቤ ነው» አልኩት።

ባሻ ሰኞ ዕለት እኔ ሳለቅስ አላለቀሰም ነበር። አሁን በዚያች ሦስት ጣት በቀረላት እጁ የበሩን ጠርዝ ይዞ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«ሦስት ቀን ሙሉ አትመጣም ብዬ ነበር» አለኝ።

«እኔም አልመጣም ብዬ ነበር» አልኩት።